ከመብራቱ በፊት አሸንዳው

ለታሪካዊ የከተማ ቤተ ክርስቲያን እድሳት የሚዋጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ዓይን ወደሚያየው ነው፤ ወደ መብራት፣ ወደ ድምፅ ማጉያ፣ ወደ አዲስ ቀለም። የድሮ ድንጋይ ሕንፃ ጠላቱ ግን ውኃ ነው። ጣሪያው እያፈሰሰ የተቀባ ግድግዳ ቀለሙ ይረግፋል፤ የለጋሹም ገንዘብ አብሮት ይረግፋል።

ስለዚህ ግምት ከማስወጣታችሁ በፊት ዶፍ ሲወርድ ሕንፃውን ዙሩት። ከአሸንዳ ሞልቶ የሚፈስ፣ ከቱቦ መጋጠሚያ የሚንጠባጠብ፣ ግድግዳ ሥር የሚቋጥር ውኃ በደረቅ ቀን አይታይም። በከተማ ደግሞ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ስለሚደረብ የውጪው መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ ይገኛል። ትርፉ ንጣፍ ይነሣ፤ ቁፋሮው ግን መሠረቱን እንዳያጋልጥ ባለሙያ ይቁምበት።

በጣም የሚያሳዝነው በቅን ልብ የሚደርስ ጉዳት ነው፦ ሲሚንቶ። በኖራ የተገነባ ግድግዳ የገባበትን እርጥበት በድንጋዮቹ መጋጠሚያዎች በኩል ያስወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውኃው በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ይዞት የመጣው ጨው ከድንጋዩ ገጽ ሥር እየጠጠረ ይልጠዋል። የላላው ኖራ በመዶሻና በመሮ ይውጣ፤ ጥልቀቱ የመጋጠሚያው ስፋት 2 እጥፍ፣ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይሁን። የኤሌክትሪክ መቁረጫ የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚበላ አይፈቀድ። አቧራው ይታጠብ፣ ድንጋዩም ይርጠብ፤ ደረቅ ድንጋይ የኖራውን ውኃ ይመጥና ዱቄት ያደርገዋል። 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ የታጠበ ሻካራ አሸዋ የተለመደ መነሻ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ግን የድሮው ኖራ ናሙና ምርመራ ነው። ከተሞላ በኋላ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ለቀናት ከፀሐይና ከነፋስ ይጠበቅ። ቅዝቃዜው ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ከሆነ ሥራው ይቁም። ተቋራጩ «ቶሎ እንዲጠነክር ትንሽ ሲሚንቶ ጣል እናድርግበት» ካለ በፍጹም እሺ አትበሉ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ለጣሪያ ተብሎ የተሰበሰበ ለጣሪያ ብቻ ይውላል። በመዋጮ ጥሪው ላይ «ትርፍ ካለ ለሕንፃው ሌላ ጥገና ይውላል» የሚል ቃል ከጅምሩ ይስፈር። እ.ኤ.አ. በ2019 ለተቃጠለው የፓሪሱ ኖትር ዳም ከ150 አገሮች 340,000 ያህል ለጋሾች ወደ 846 ሚሊዮን ዩሮ ሰጥተዋል። በ2024 መጨረሻ በሩ ሲከፈት 140 ሚሊዮን ገደማ ተርፎ ነበር፤ ገንዘቡ በሕግ ለካቴድራሉ ጥበቃና እድሳት የተለየ ስለነበር ወደ ውጪው ክፍል ጥገና ዞረ።

የድሮ ግድግዳ ሆዱ ሳይከፈት አይታወቅምና ከጠቅላላው 15 በመቶ ያህል መጠባበቂያ ያዙ። ለሥራው የሚተከለው መወጣጫ ውድ ስለሆነ እሱ ሳይፈርስ ከፍታ ላይ ያለው ሥራ ሁሉ ይለቅ። ክፍያው በየምዕራፉ ይሁን፤ የመጨረሻው ድርሻ አንድ የዝናብ ወቅት እስኪያልፍ ይቆይ።

ዘመቻው ሲያበቃ ደጋፊዎች እንዳይበተኑ ዓመታዊ መዋጮ ያስፈልጋል፤ ከ1927 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የእንግሊዙ ካንተርበሪ ካቴድራል ወዳጆች ማኅበር አባላት በየዓመቱ ይከፍላሉ። ከዚያ መዋጮ የመጀመሪያው ወጪ በዓመት 2 ጊዜ አሸንዳ ማጽዳት ይሁን።