«ከማን አመጣሽው?» ከማለት በፊት

የማህፀን በር ምርመራ አድርጋ ኤች ፒ ቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) የተገኘባት ሴት ቤቷ ስትገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ጥያቄ ይህ ነው። የምርመራ ወረቀቱ ግን ለዚህ መልስ የለውም። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ዓመታት አድፍጦ ይቆያል፤ ዛሬ የታየው ከጋብቻ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፣ በእሷም በእሱም በኩል። ሽማግሌ የሚያስጠራ ማስረጃ አይደለም። ባልየውን መርምሮ ማጣራትም አይቻልም፤ ለወንድ በመደበኛነት የሚሰጥ የኤች ፒ ቪ ምርመራ የለም።

የሚተላለፈው የብልት አካባቢ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ነው። ኮንዶም ይቀንሰዋል እንጂ አይዘጋውም፤ የማይሸፍነው ቆዳ አለና። ከ10 ሰው የ9ኙ ያህል ሰውነት በ2 ዓመት ውስጥ ራሱ ያጠፋዋል። የሚያሰጋው ሳይጠፋ የሚከርመው ነው። የቫይረሱ ዓይነት 16 እና 18 ብቻቸውን ከማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል፤ ኤች አይ ቪ በደሟ ኖሮ መድኃኒት ያልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10።

ይህ ሁሉ ዓመት ሕመም የለውም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ከግንኙነት በኋላ ደም ወይም የሚሸት ፈሳሽ እስኪመጣ ጠብቃ ከመንዝ ደብረ ብርሃን የምትመጣ ሴት ብዙ ጊዜ ዘግይታለች። ስለዚህ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሳያማት ትመርመር፤ ኤች አይ ቪ ያለባት ከ25 ጀምራ።

ቫይረሱን ሳይሆን የተለወጠውን ቦታ በዓይን የሚያየው ምርመራ ቀላል ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ ያለው ፈሳሽ የነካ ጥጥ ማህፀን በሩ ላይ ይደረግና 1 ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛው ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፤ የተለወጠው ጠርዙ የጎላ ወፍራም ነጭ ይሆናል። (ኮምጣጤ ነው ሲባል ሰምቶ ቤት ውስጥ መቀባት ማቃጠል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።) በወር አበባ ቀን አይኬድም፤ ከምርመራው 2 ቀን በፊት ጀምሮ ግንኙነትም፣ ውስጥን መታጠብም ይቁም። ነጻ ከሆነች ከ3 ዓመት በኋላ ትመለሳለች።

ነጩ ትንሽ ከሆነ በዚያው ዕለት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። በቅዝቃዜ ሲሆን 3 ደቂቃ፣ ከ5 ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ደግሞ ሌላ 3 ደቂቃ ነው። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ አልቆ «ሌላ ቀን ነይ» ከተባለች ቀኑን አስጽፋ ትውጣ፤ ሳይመለሱ የሚቀሩት በዚህ ነው። ከሕክምናው በኋላ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ እስከ 4 ሳምንት ይቆያል፤ ቁስሉ እስኪሽር ለ4 ሳምንት ግንኙነት የለም። ሁዳዴን 55 ቀን ለሚጠብቁ ባልና ሚስት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሕክምናውን ግን ጾም እስኪገባ ብሎ ማስተላለፍ አይገባም። ትኩሳት፣ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት ወይም የረጋ ደም ካለ ቶሎ ይመለሱ።

ለሴት ልጆቻችሁ የኤች ፒ ቪ ክትባት አገራችን የገባው በ2011 ዓ.ም. ነው። መካን ያደርጋል የሚባለው ውሸት ነው። አስቀድሞ የገባን ቫይረስ ስለማያስወጣ ግን ልጅቷ ግንኙነት ሳትጀምር፣ ከ9 እስከ 14 ዓመቷ ቢሰጣት ይመረጣል። የተከተበችውም 30 ሲሞላት ትመረመራለች፤ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንም።