ፊቴን የሚያነቃው ቀለም

ልብሱ ያምራል፣ እኔ ላይ ግን አያምርም። ይህን የማይል ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ለልኩ ወይም ለስፌቱ እንሰጠዋለን። እኔ ሰሞኑን ከቀለሙ ጀምሬ መፈለግ ይዣለሁ፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ነገሩ በፈረንጆቹ አራት ወቅቶች ስም የሚጠራ የቀለም ትንተና ነው። የሰውን ቆዳ፣ ዓይንና ጸጉር አይቶ ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም ወይም ዊንተር ብሎ ይመድባል። ስፕሪንግና ኦተም ለተባሉት የሚስማሙት ወደ ቢጫና ወርቃማ የሚያደሉ ሞቃት ቀለሞች ናቸው። ለሰመርና ለዊንተር ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ቀዝቃዞች። አሁን አሁን እያንዳንዱን ለሦስት ከፍለው 12 ያደረሱትም አሉ። ስሞቹ ደስ ይላሉ፤ እኔን የያዙኝ ግን ከስራቸው ያሉት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። ቀለሙ ሞቃት ነው ወይስ ቀዝቃዛ? ፈካ ያለ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? ጥርት ያለ ነው ወይስ ደብዛዛ?

ቅዳሜ ጠዋት ከታናሽ እህቴ ጋር ሞከርነው። ፊቴን ታጥቤ፣ ምንም ሳልቀባ፣ ጸጉሬን በነጭ ሻሽ ሸፍኜ መስኮቱ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። አምፖሉን አጠፋነው፤ የአምፖላችን ብርሃን ሁሉንም ነገር ቢጫ ያደርገዋል። እሷ ጨርቆቹን አንድ በአንድ አገጬ ስር ትዘረጋለች፣ እኔ መስታወት አያለሁ።

መጀመሪያ ፈዛዛ ሮዝ ዘረጋች። ጨርቁ ራሱ ዓይን ይስባል። ጉንጬን ግን አመድ አስመሰለው። ከዓይኔ ስር ያለው ጥቁረት ጎላ፣ ከአፍንጫዬ እስከ አፌ ጥግ ያለው መስመር ጠለቀ። «ደክሞሻል?» የሚባልበት ፊት ነው። ቀጥላ እንደ ዛገ ብረት ያለ ብርቱካናማ አመጣች። ወዲያው ፊቴ ወዝ አወጣ። የዓይኔ ስር ፈካ፣ የከንፈሬ ጠርዝ ተለይቶ ታየ። እህቴ «እንዴ! አሁን ነቃሽ» አለች። ሰው ያው፣ ብርሃኑ ያው፣ ደቂቃ እንኳ አላለፈም። ጨርቁን ደጋግመን ቀያየርነው፤ ያው ነው።

ይህ ለምን እንደሚሆን ሳነብ ሚሼል ዩጂን ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ጋ ደረስኩ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ የጎብላን የግድግዳ ምንጣፍ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሸማኔዎቹ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል ብለው ያማርሩ ነበር። እሱ ሲመረምረው ማቅለሚያው ምንም እንከን የለበትም። ጥቁሩን ያደበዘዙት ከጎኑ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች ናቸው። ዓይናችን አንድን ቀለም ብቻውን አያይም፤ ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር እያነፃፀረ ነው የሚያየው። የእኔ ፊት ደግሞ የአንገትጌዬ ጎረቤት ነው። በዚያ ላይ ጨርቁ የሚያንፀባርቀው ብርሃን አገጭና ጉንጭ ላይ ያርፋል።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። አራቱ ወቅቶች በ1980ዎቹ በሰፊው ሲታወቁ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለውን ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ዊንተር ውስጥ ይከቱት ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። ጠይም ቆዳ ውስጥ ወርቃማ አለ፣ ቀላ ያለ አለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አለ። የአንድ እናት ልጆች እንኳ ይለያያሉ። እህቴ ቆዳዋ ከእኔ ብዙም አይለይም፤ ያ እኔን ያጠወለገኝ ሮዝ ግን እሷ ላይ ሲሆን ደም ግባቷን አወጣው። «የእጅሽን ደም ስር እይ፣ አረንጓዴ ከሆነ ሞቃት፣ ሰማያዊ ከሆነ ቀዝቃዛ» የሚለው ምክርም ደም ስሩ በደንብ ለማይታይ ቆዳ ብዙም አይረዳም። ለእኛ የሚሻለው ጨርቁን ዘርግቶ ፊትን ማየት ነው።

የስልክ አፕሊኬሽኖቹንም ብዙ አላምናቸውም። ካሜራው ነጩ የቱ እንደሆነ በራሱ ገምቶ ቀለሙን ስለሚያስተካክል፣ አንዱ ፎቶ ላይ ወርቃማ የመሰለ ቆዳ ሌላው ላይ አመዳም ይሆናል። ፎቶ ጥሩ የሚሆነው ለሌላ ነገር ነው። ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩት የጸጉር፣ የቆዳና የዓይን ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልዩነቱ ጎላ ካለ፣ ፊቱ ጎላ ያለ የልብስ ቀለም ቅንብር ይሸከማል። የእኔ ልዩነት ለስለስ ያለ ነው፤ ቡኒን ከወይራ አረንጓዴ ጋር ስለብስ የሚስማማኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ጥቁር ልብስ እወዳለሁ። ጥቁር ቡኒ ከጥቁር ይልቅ እንደሚሻለኝ መስታወቱ ላይ በግልጽ አይቻለሁ፤ ጥቁሩን ግን አልጥለውም። ሱሪና ጉርድ ቀሚስ ላይ ምንም አይለኝም፣ ከፊቴ ሩቅ ነው። ሹራብ ሲሆን ያንን ብርቱካናማ ስካርፍ አንገቴ ላይ ጣል አደርጋለሁ፤ በቂ ነው። የሚያምርብኝን ቀለም ማወቅ የምወደውን እንዲያስጥለኝ አልፈልግም።

ንፁህ ነጭንና ክሬምን ገና አልጨረስናቸውም። እህቴ ክሬሙ ይሻልሻል ትላለች፣ እኔ ለነጩ አደላለሁ። ያን ዕለት ደመና መጣና መስኮቱ ጨለመብን፤ ቅዳሜ እንደገና እንዘረጋቸዋለን።