የማኅበራዊ ኃላፊነት ሥራዬን ያገኘሁት ግዢ ክፍል ውስጥ ነው

የማኅበራዊ ኃላፊነት ክፍሉን ስረከብ የተሰጠኝ በጀትና ካሜራ ነበር ማለት ይቻላል። ችግኝ ይተከላል፣ ደብተር ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ ይወጣል። መጥፎ ሥራ አይደለም። ደብተሩ በእርግጥ ልጆቹ እጅ ይደርሳል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። እኛ ልብስ ሻጮች ነን፤ ልብሱን የሚሰፉልን ግን አቅራቢዎች ናቸው። ስለ ሰፊዎቹ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንኳ አልነበረም።

የሥነ ምግባር ደንብማ ነበረን፤ ያውም ያማረ። የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮንም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሠራተኞቹ ያደለው ደንብ 64 ገጽ ነበር፤ በ2001 መጨረሻ ላይ ኩባንያው በሒሳብ ማጭበርበር ቅሌት ተንኮታኮተ። ስለዚህ ደንብ እንደ አዲስ መጻፍ አልፈለግሁም።

የጀመርኩት ከአቅራቢዎቹ የትርፍ ሰዓት መዝገብ ነው። መዝገቡን ከራሳችን የትዕዛዝ ኢሜይሎች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ቀን በቀን አመሳከርኩት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ምንም ነገር እንደዚህ አላስተማረኝም። ሰፊዎቹ እስከ ሌሊት ያመሹባቸው ሳምንታት አብዛኞቹ የመጡት እኛ ቀለም ወይም ብዛት ከቀየርን በኋላ ነው። ትዕዛዙን ስንቀይር የማስረከቢያ ቀኑን አልነካነውም። አንዱ አቅራቢ በግልጽ ነገረኝ፦ «ሐሙስ ቀለም ትቀይራላችሁ፣ ሰኞ ደግሞ ለምን አመሻችሁ ብሎ የሚጠይቅ ኦዲተር ትልካላችሁ።» ምን ይመለሳል?

ማኔጅመንቱ ፊት ስቀርብ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ኦዲት እናስደርግ የለ እንዴ?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ ከ250 በላይ ሰዎች በእሳት ያለቁበት ልብስ ፋብሪካ ቃጠሎው ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት የታወቀ ዓለም አቀፍ የሠራተኛ አያያዝ ሰርተፍኬት ተሰጥቶት ነበር። ይህን ስናገር ክፍሉ ዝም አለ።

ቀጥዬ ራና ፕላዛን አነሳሁ። ባንግላዴሽ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 የተደረመሰው ያ ሕንፃ ከ1,100 በላይ ሰው ገድሏል። ሁሉም የሚያውቀው ይህን ነው። እኔ የነገርኳቸው የዋዜማውን ነው። ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበረ ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ። የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ጠዋት እንዲገቡ ተገደዱ። ስንጥቁን ያላየ አልነበረም። በእኔ ግምት ልዩነቱ ባንኩን የሚያጣድፍ የማስረከቢያ ቀን አለመኖሩ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊው «የኩባንያ ሥራ ማትረፍ ነው» አሉ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፉት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚጠቅሰው። ሰውየው ትርፉ የጨዋታውን ሕግ አክብሮ፣ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር ይሁን ብለዋል።

ወሳኙ ግን ሌላ ወረቀት ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቀው የንግድና የሰብአዊ መብት መርሕ አለ። በዓመቱ የወጣው ማብራሪያ ኩባንያ ለመብት ጥሰት አስተዋጽኦ የሚያደርግባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር በመጨረሻ ሰዓት ትዕዛዝ ቀይሮ ቀኑንና ዋጋውን እንደነበረ መተውን በምሳሌነት ያነሳል። ቁርጥ የእኛ ታሪክ! መርሑ አክሎም ልገሳ ይህን ዓይነቱን ጥፋት አያካክስም ይላል። ዋና ሥራ አስኪያጇ ገጹን ሁለቴ አነበቡት።

ከዚያ ለውጡ ተጀመረ። ከተወሰነ ቀን በኋላ ትዕዛዝ የሚቀይር ክፍል የማስረከቢያ ቀኑን አብሮ ይገፋል። ክፍያ በውሉ ቀን ይወጣል፤ እኛ ስናዘገይ ደሞዝ የሚዘገየው ሰፊዋ ላይ ነውና። እነዚህ ቀላሎቹ ነበሩ።

ከባዱ ቦነስ ነው። የግዢ ክፍል ሠራተኞቻችን ቦነስ የሚሰላው ዋጋ ባስቀነሱት ልክ ነበር። ሰውን በዚህ እየሸለሙ ስለ ሥነ ምግባር ሥልጠና መስጠት ከንቱ ድካም ነው። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ የቦነሱ ግማሽ ከዘገዩ ለውጦች ብዛትና ከክፍያ ሰዓት አክባሪነት ጋር ተያያዘ። ከግዢ ክፍል አንዳንዶቹ እስካሁን አኩርፈውኛል። ሽያጭ ክፍልም አልወደደውም፤ ገበያው የፈለገው ቀለም ያመለጠን ጊዜ አለ፣ ኪሳራውም እውነተኛ ነው።

ለሰፊዎቹ የጥቆማ ስልክም ከፈትን። መጀመሪያ የመጡት ጥሪዎች ስለ ሽንት ቤት መቆለፍና ስለ ውሃ ነበሩ። ከእኛ ሰዎች አንዳንዶቹ «ለዚህ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ቶሎ ይስተካከል ብዬ ድርቅ አልኩ። ሰው ትልቁን ነገር ከመናገሩ በፊት በትንሹ ይፈትንሃል። ቁልፉ ከተነሳ በኋላ ነው ስለ ተቆረጠ ደሞዝና ስለሚሳደብ አለቃ መደወል የጀመሩት።

ማምሸቱ ቀንሷል፤ ሁሉም ጋ ግን አይደለም። ከሌሎች ገዢ ኩባንያዎችም ትዕዛዝ የሚቀበሉ አቅራቢዎች ጋ የእኛ ለውጥ ብቻውን ብዙም አልፈየደም። ከእነዚያ ገዢዎች ጋር መነጋገር ጀምረናል፤ ነገሩ አዝጋሚ ነው።

አሁን የያዝኩት ዋጋን ነው። በእያንዳንዱ ውል ላይ የሠራተኛ ክፍያ ለብቻው ተጽፎ ድርድር እንዳይነካው እፈልጋለሁ። የግዢ ኃላፊው በሐሳቡ ተስማምተዋል፤ ፊርማቸውን ግን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው።