ከአመድ ውስጥ ብረት ለቅሞ ብሎኬት መሥራት

ቆሻሻ ተቃጠለ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ወደ ምድጃው ከገባው ክብደት ሩብ ያህሉ ከምድጃው ሥር አመድ ሆኖ ይቀራል። እኔ የሠራሁት በዚህ አመድ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። በጭስ ማጣሪያው የሚያዘው ብናኝ ከሥሩ አመድ ጋር መገናኘት የለበትም። እርሳሱ፣ ካድሚየሙና ዳይኦክሲን የሚባለው መርዛማ ኬሚካል በብዛት የሚከማቹት ብናኙ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ብናኙን በአሲድ አጥበው ዚንክ ያወጡበታል። ያ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የሥሩ አመድ በውሃ ስለሚቀዘቅዝ ጭቃ ሆኖ ይወጣል፤ ወንፊት ይደፍናል። ስለዚህ ከምሬ ለሳምንታት አቆየሁት። ጊዜው በከንቱ አይሄድም። ትኩስ አመድ ኖራ ስላለበት ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) 12 አካባቢ ነው፤ ማለትም ብርቱ አልካሊ ነው። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኖራውን ቀስ በቀስ ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ይቀይረዋል። ፒኤቹ ሲወርድ እርሳሱም እንደ ልቡ በውሃ ታጥቦ አይወጣም።

ከዚያ ወንፊት፣ ቀጥሎ ማግኔት። ሚስማሩ፣ ቆርቆሮው፣ ሽቦው በማግኔት ይነሳል። አልሙኒየምና መዳብ ግን ማግኔት አይዛቸውም። ለእነሱ ማግኔት የተደረደረበት ከበሮ በኮንቬየሩ (አመዱን በሚያጓጉዘው ቀበቶ) ጫፍ ላይ በፍጥነት ይሽከረከራል። በብረቶቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠርና ከበሮው ገፍቶ ያስፈነጥራቸዋል። ድንጋዩና ጠርሙሱ እዚያው ወርዶ ይቀራል። ትልቁና ትንሹ አንድ ላይ ከገባ ግን መለየቱ ይዝረከረካል። በመጠን በመጠን ለይቶ ማሳለፍ ግድ ነው።

አልሙኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ምድጃው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ይረጋል። ሲያዩት ግራጫ ጠጠር ነው። በቢላ ጫር ሲያደርጉት ያብረቀርቃል። እሱን እንደገና ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት 95 በመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። እኔን ለዚህ ሥራ ያተጋኝ ይሄ ነው።

ለብሎኬት ጠላቱም ይኸው አልሙኒየም ነው። ሲሚንቶ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂን ይለቅና ብሎኬቱን አሳብጦ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሲሚንቶ ከመንካቴ በፊት ትንሽ አመድ ክፍት ዕቃ ውስጥ አድርጌ ካስቲክ ሶዳ የሟሟበት ውሃ አፈስበታለሁ። አረፋው ከበዛ አልሙኒየም ቀርቶበታል ማለት ነው፤ ክምሩ ይቆያል፣ ወይም እንደገና በከበሮው ያልፋል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ እሳት አጠገቡ አይድረስ፣ ክዳንም አይደረግበትም።

ሌላው ምርመራ የላቦራቶሪ ነው። አንድ ኪሎ አመድ በ10 ሊትር ውሃ 24 ሰዓት ይናጣል፤ ከዚያ በውሃው ውስጥ የገባው መዳብ፣ እርሳስና ክሎራይድ ይለካል። ይህን ያለፈው ጠጠር ለመንገድ ሥር ድልዳል ይሆናል። ብሎኬቱን ለአጥር እንጂ ለመኖሪያ ቤት አልሰጥም።

ከ2 ሚሊሜትር በታች ያለው ደቃቅ ክፍል እስካሁን ያስቸግረኛል። ቅሪት መዳብና ጥቂት ወርቅና ብር ይገኝበታል፤ ከበሮው ግን አይደርስበትም። እሱን ለብቻው እያከማቸሁ ነው፤ በክብደት የሚለይ ጠረጴዛ ላይ ልሞክረው።