ምስማሩን መከተል

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኒው ኢንግላንድ ጫካዎች ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሳይውል ሳያድር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ያያል፤ መንገድም ቤትም በሌለበት፣ ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ መካከል፣ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ለዛፍ ብሎ ካብ የሚክብ ገበሬ እንደሌለ ግልጽ ነው። ካቡ የተካበው ቦታው እርሻና የግጦሽ መስክ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ ጫካው የመጣው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። በ1825 የኢሪ ቦይ፣ ማለትም ጀልባ የሚሄድበት ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ፣ ተከፍቶ የምዕራቡ ለም መሬት እህል በርካሽ ወደ ምሥራቅ መጫን ሲጀምር፣ ቀጥሎም የባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ፣ በድንጋያማው ኮረብታ ላይ ይታገል የነበረው ገበሬ ቀስ በቀስ ለቆ ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣራው ወደቀ፣ እንጨቱ በሰበሰ፣ በድንጋይ የተገነባው የምድር ቤት ጉድጓድ ብቻ ቀረ።

እኔ ብረታ ብረት ጠቋሚ መሣሪያዬን ይዤ የምሄደው ወደነዚህ ጉድጓዶች ነው። ስለ ሳንቲምና ስለ ልብስ ቁልፍ የሚጽፍ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ማንም ስለማይፈልገው ነገር፣ ማለትም ስለ ምስማር ልጽፍ ወድጃለሁ።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ከታች ባለው ክብ ጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ መስኩ መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት ሲያገኝ በላዩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሳል፤ ከዚያ የሚመለሰው ምልክት እንደ ብረታ ብረቱ ዓይነትና መጠን ስለሚለያይ፣ ምስማር በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ሲያጉረመርም፣ መዳብና ብር ደግሞ በቀጭንና ጥርት ባለ ድምፅ ይጮኻሉ። ጀማሪ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ጉርምርምታው ሲሰለቸው መሣሪያው ብረት ሲያገኝ ዝም እንዲል ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሳለፍሁት በዚህ ዝምታ ውስጥ ስለነበር፣ ቤት በነበረበትና ባልነበረበት መሬት መካከል ያለውን ልዩነት ሳልሰማ በላዩ ላይ ተመላለስሁ።

እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስማር ግን ዝጎም ቢሆን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጉርምርምታው የሚጀምርበትና የሚያቆምበት ቦታ የግድግዳው፣ የጋጣው ወይም የጓሮው መጋዘን ድንበር ነው። በዚያ ላይ ምስማር ዕድሜውን ይናገራል። አንጥረኛ ቀጥቅጦ የሠራው ምስማር አራቱም ጎኑ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ራሱም በጥቂት የመዶሻ ምቶች የተጠፈጠፈ ነው፤ ከ1790ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው በማሽን የተቆረጠው ምስማር ሁለት ጎኑ ብቻ ነው የሚጠበው፤ ዛሬ የምናውቀው ክብ የሽቦ ምስማር ደግሞ የተለመደው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ክብ ምስማር ብቻ የሚወጣበት ቦታ ላይ የቅኝ ግዛት ዘመን ቤት የመፈለግ ተስፋዬ ይቀንሳል፤ የተቀጠቀጠው ሲበዛ ግን ቦርሳዬን አስቀምጬ ቀኑን እዚያው ለማሳለፍ እወስናለሁ። እርግጥ ሰዎቹ አሮጌ ምስማር አቃንተው ደግመው ይጠቀሙ ስለነበር በአንድ ፍሬ አይፈረድም።

ጉድጓዱን ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከ1850ዎቹ ጀምሮ የታተሙ የአውራጃ ካርታዎች እያንዳንዱን ቤት በነጥብ፣ ባለቤቱንም በስም ያሳያሉ። አዲስ ፈላጊ ወደ ነጥቦቹ ይሮጣል፤ እኔ የምፈልገው ነጥብ የሌለበትን ነው። ከአውሮፕላን በሌዘር የተለካ የመሬት ገጽታ ምስል፣ ማለትም ላይዳር፣ ዛፉን ገፎ ካቡንና ጉድጓዱን ስለሚያሳይ፣ በላይዳሩ ላይ ጉድጓድ እየታየ በካርታው ላይ ቤት ከሌለ፣ ያ ቤት ካርታው ከመሠራቱ በፊት ሳይፈርስ አልቀረም። እዚያ ስደርስ ደግሞ ላይላክ የተባለውን ባለ አበባ ቁጥቋጦ ወይም ያረጀ የፖም ዛፍ እፈልጋለሁ፤ በጥላ ውስጥ ብቻውን የቆመ ላይላክ በር ላይ የተተከለ ለመሆኑ ብዙ አያጠራጥርም።

ከኒው ኢንግላንድ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በኮኔቲከት ምሥራቃዊ ኮረብታዎች፣ በአንዲት አዛውንት የግል ጫካ ውስጥ ያገኘሁት ጉድጓድ እንዲህ ያለ ነበር። ከምድጃው ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በሁለት ምስማሮች ጉርምርምታ መካከል፣ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ቀጭን ድምፅ መጣ። ትልቅ ጥቅል ሽቦ ቢሆን ኖሮ ብረቱ የመዳቡን ድምፅ ይውጠው ነበር፤ ትንሹን ስለገጠምሁ ብቻ ሰማሁት። የረገፈውን ቅጠል ገለል አድርጌ ሣርና ሥሩን በአንድ ወገን ሳልቆርጥ እንደ ክዳን ገለበጥሁት፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ አረንጓዴ ክብ ነገር ታየ። ጠርዙ ላይ «አውክቶሪ» የሚለው የላቲን ቃል ይነበብ ነበር፤ ኮኔቲከት ከ1785 እስከ 1788 ያስመታችው የመዳብ ሳንቲም ነው። በጥብቅ ካየነው ከነጻነት በኋላ የመጣ ቢሆንም ሰብሳቢዎች ከቅኝ ግዛት ዘመኑ ጋር ይቆጥሩታል።

ከዚያ ያደረግሁትን ለመጻፍ አፍራለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ለማየት ቸኩዬ በአውራ ጣቴ አሸሁት። የጥድና የኦክ ቅጠል የሚበሰብስበት መሬት አሲዳማ ስለሆነ መዳቡን ይበላዋል፤ ጽሑፉን ይዞ የሚቆየው ላዩ ላይ ያለው አረንጓዴ ቆዳ ብቻ ነው፤ ያ ቆዳ ከጭቃው ጋር ተላጠ። ዓመቱን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አሁን ያገኘሁትን ሁሉ ከነአፈሩ በትንሽ ሣጥን አስገብቼ ቤት እወስዳለሁ።

ከሳንቲም ይልቅ የሚበዛው ጠፍጣፋ የልብስ ቁልፍ፣ የጫማ ዘለበት ስብርባሪና ክብ የእርሳስ ጥይት ነው። የስፔን የብር ሳንቲም ያገኘ ሰው ወዲያው ስለ ባሕር ወንበዴ ማለም ይጀምራል፤ ሆኖም ያ ገንዘብ በዩናይትድ ስቴትስ እስከ 1857 ድረስ ሕጋዊ መገበያያ ስለነበር ከገበሬ ኪስ የወደቀ ነው ቢባል ይቀላል።

የተረሳ ቦታ ባለቤት የሌለው ቦታ አይደለም። በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ በፌዴራል መሬት ላይ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይከለክላል፤ በብሔራዊ ፓርኮች ደግሞ ጠቋሚ መሣሪያውን ለሥራ አዘጋጅቶ ይዞ መገኘት ራሱ ጥፋት ነው። የግዛቶቹ ደንብ ይለያያል። እኔ በግል መሬት ላይ፣ በጽሑፍ በተሰጠ ፈቃድ ብቻ እሠራለሁ።

ፈቃድ ግን ሁሉንም አይፈታም። በ1876 የአሜሪካ ጦርና የአገሬው ነባር ሕዝቦች በተዋጉበት በሊትል ቢግሆርን የጦር ሜዳ፣ በ1984 አርኪዮሎጂስቶች ብረታ ብረት ጠቋሚ ከያዙ ፈቃደኞች ጋር ሲሠሩ የጥይቱንና የቀለሁን ሁሉ ቦታ በትክክል እየመዘገቡ ስለነበር፣ አንድ ጠመንጃ ከየት ወደየት እንደተንቀሳቀሰ ሳይቀር መከተል ችለዋል። ያንን ካነበብሁ ወዲህ የምስማሮቹን ቦታ በወረቀት ላይ እነድፋለሁ።

በአዛውንቷ ጫካ ንድፍ ላይ ከጉድጓዱ በስተምሥራቅ፣ 20 እርምጃ ያህል ርቆ፣ ቀጥ ያለ የምስማር መስመር ወጥቷል። ጋጣ ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓዱ ላይ ከቆመው ቤት በፊት የነበረ ቤትም ሊሆን ይችላል። አሁን የአጋዘን አደን ወቅት ስለሆነ አልሄድም፤ መሬቱ ሳይቀዘቅዝ አደኑ ካበቃ ግን ከዚያ መስመር ሁለት ምስማር ብቻ አውጥቼ ጎናቸውን አያለሁ።