በሑላ ሸለቆ ከአጉሮች ጋር

እስራኤል ውስጥ ዝናብ የሚገባው ኢትዮጵያ እህል በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ታኅሣሥ ሲጠባ እማዬን ይዤ ከአፉላ ከተማ ሰሜን እስራኤል ወዳለው ሑላ ሸለቆ ወጣሁ። የሄርሞን ተራራ አናት በረዶ ለብሷል። ሸለቆው ደግሞ ከሩሲያና ከፊንላንድ ብርድ ሸሽተው በመጡ ወፎች ተሞልቷል። እዚህ አጉር ይሏቸዋል። ሽመላ የሚመስሉ፣ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር የሚያልፍ፣ ግራጫ ናቸው።

ሑላ ድሮ ሐይቅና ረግረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አድርቀው አረሱት። የደረቀው አፈር ግን ከውስጥ መንደድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ለቀቁበት። አጉሮቹ በረከቱ፤ የገበሬውንም ኦቾሎኒ ይለቅሙ ጀመር።

የተገኘው መላ እንዲህ ነው፦ ክረምቱ ሲጠና አንድ ማሳ ላይ በትራክተር በቆሎ ይበተንላቸዋል፤ ከሌላው ማሳ ይባረራሉ። ጎብኚም በትራክተር በሚጎተት ጋሪ መሀላቸው ይገባል። ትራክተር ስለለመዱ አይሸሹም።

“ወፍ ሊበላው እህል ይበትናሉ?” አለች እማዬ። ልጅነቷ ያለፈው ጎንደር ገጠር፣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ማሽላ ስትጠብቅ ነው። ነገሩን ሳስረዳት ትንሽ አሰበችና “ይሻላል። እኛ ስንጮህ ውለን ድምፃችን ይዘጋ ነበር” አለች።

ከጋሪያችን ጥቂት እርምጃ ርቆ አንድ ቤተሰብ ይለቅማል። እናትና አባት አናታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። ልጃቸው በቁመት ደርሶባቸዋል፤ ራሱ ግን ገና ቡናማ ነው። እነሱ እንደ መለከት ሲጮሁ እሱ በቀጭኑ ሲር ሲር ይላል። ያቺን ድምፅ አንዴ ከለያችኋት በየአቅጣጫው ትሰማላችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ መጨናነቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ዲሴምበር ላይ የወፍ ጉንፋን ገብቶ ከ5 ሺህ በላይ አጉሮች እዚሁ አለቁ። በቆሎው ይቅር አልልም። ግን ተበትነው የሚያድሩበት ተጨማሪ ረግረግ ያስፈልጋቸዋል።

“ሁሉም እዚህ ይከርማሉ?”

“የለም እማዬ፣ ኢትዮጵያ ድረስ የሚዘልቁ አሉ። ጣና ዙሪያም ይወርዳሉ።”

በልጅነቷ ሽመላ ሲያልፍ ስታይ የኢየሩሳሌምን ደህንነት ትጠይቅ ነበር፤ የመንደሯ ቤተ እስራኤል ልጆች ሁሉ እንዲያ ነበሩ። አሁን የጠየቀችው ስለ እህል ነው።

“እዚያስ ማን ይበትንላቸዋል?”

“ማንም።”

“ግድ የለም ልጄ፣ አሁን ውቂያ ነው። ከአውድማ የሚተርፈው ይበቃቸዋል።”