የወንድሜ መድን

ዘንድሮ የአባባ የጤና መድን መታወቂያ ሲታደስ የታናሽ ወንድሜ ስም ከዝርዝሩ ወጣ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ የሚከፈለው በቤተሰብ ነው፤ ልጅ 18 ዓመት ካለፈው ግን ተጨማሪ ይከፈልበታል፣ አለበለዚያ በራሱ ስም ይመዘገባል። ጤነኛ ጎረምሳ ላለው ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ ነው። የእኔ ወንድም ግን አረቄ ሳይቀምስ ካደረ ጠዋት እጁ ብርጭቆ አያነሳም።

መንዝ ብርድ አገር ነው። አረቄ እንግዳ መቀበያም ማሞቂያም ስለሆነ ልማዱ የቱ ጋ በሽታ እንደሆነ ቶሎ አይታየንም። ሲታየን ደግሞ «ምነው ልብ ቢገዛ!» እንላለን።

እማዬ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳው ነበር። እኔም በጸበሉ አምናለሁ። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊያንቀጠቅጠው፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ የሌለ ነገር ሊያሳየው፣ ሊገድለውም ይችላል። እነዚያን ቀናት ግን በሐኪም ክትትል፣ ዲያዜፓም በሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ማሳለፍ ይቻላል። ይህን ስነግራት እማዬ «ለሐኪምም ጥበብ የሰጠው እግዚአብሔር ነው» አለችኝ። ደስ አለኝ።

አባባ ተጨማሪውን መዋጮ ከፈሉ። የከበደው ሌላው ነው። በመድን የሚታከም ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ ሪፈር መያዝ አለበት፤ በቀጥታ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ቢሄድ መድኑ ሙሉ ወጪውን አይሸፍንለትም። ጤና ጣቢያ የወሰዱት አባባ ነበሩ፤ ሕመሙን በስሙ መጥራት አፍረው «ሆዱን ያመዋል» አሉ። ካርዱ ላይ «ጨጓራ» ተብሎ ተጻፈ፣ የጨጓራ መድኃኒት ተሰጠው፣ ወደ ቤት ተመለሱ። መታወቂያው ታድሷል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ወንድሜ ግን አልታከመም። ሪፈር የሚጻፈው በተነገረው ሕመም ነው፤ ስሙ የተደበቀ በሽታ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚወስደው ወረቀት አያገኝም።

አብሬው ተመልሼ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስንት ዓመት እንደጠጣ፣ ጠዋት እንዴት እንደሚሆን። የጤና መኮንኑ በጥሞና ሰማኝና «እህቴ፣ ይህን ቀድሞ የሚነግረን ሰው የለም» አለኝ። ሪፈሩንም በትክክለኛው ስም ጻፈው።

አንድ ነገር ያናድደኛል። እኔ መምህር ነኝ። ለእኛ ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ በኋላ የተከተለው ደንብ የማይሸፈኑ ሕክምናዎችን ሲዘረዝር የሱስ ሕክምናን ለውበት ከሚደረግ ቀዶ ጥገና ጋር አሰልፎታል። ወንድሜ የሚታከመው በማኅበረሰቡ መድን ስለሆነ ያ ደንብ እሱን አይመለከተውም፤ ቢሆንም ሳነበው ሆዴ ተቃጠለ። የሚንቀጠቀጥ እጅና የአፍንጫ ቅርጽ እንዴት በአንድ ዝርዝር ይቀመጣሉ?

አሁን የሚያሳስበኝ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ያለው ነው። ምክርና ክትትሉ ወራት ይፈጃል፤ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን የመመላለሻውን የመኪና ዋጋ የምንችለው እኛው ነን። የአረቄ ቤት ጓደኞቹም እዚያው ሰፈር ናቸው። ስለዚህ እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ይቀመጥ ብዬ አባባን ለምኛቸዋለሁ። ለበጎቹ እረኛ እንዳገኙ እንደሚልኩት ነግረውኛል።